ስልክ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ስክሪፕቱ ግን «የተሳሳተ ቁጥር» ይለኛል (ከዊንዶውስ ወደ ኡቡንቱ)

ባጃጅ_ኮደር (አዳማ)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች።

የሰፈራችን እድር ለአባላቱ በኤስኤምኤስ መልእክት መላክ ፈለገ፣ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ድሮ ጥሩምባ ተነፍቶ ይበቃ ነበር። አሁን አባሉ ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት ተበትኗል፤ ግማሹ እንዲያውም አዲስ አበባ እየተመላለሰ ነው የሚሠራው። ጸሐፊያችን ዝርዝሩን ቤታቸው ባለው ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ ጽፈው በቴሌግራም ላኩልኝ። በየመስመሩ ስም አለ፣ ቀጥሎ ኮማ፣ ቀጥሎ ስልክ ቁጥር።

እኔ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ አጭር የባሽ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች፣ ጻፍኩ። መስመር በመስመር ያነባል፣ ቁጥሩን ያጣራል፣ ለሞደሙ ይሰጣል። ችግሩ ይኸውላችሁ።

ሁሉንም ቁጥር «የተሳሳተ» ይላል። በዓይኔ ሳየው ግን ልክ ነው። በ09 ይጀምራል፣ 10 አሃዝ ነው። ርዝመቱን ስጠይቀው 11 ይለኛል። 11ኛው የታለ?

የስህተት መልእክቱም ራሱ ተዘበራርቆ ነው የሚወጣው። «ቁጥር» ብሎ፣ ከዚያ ቁጥሩን ጠርቶ፣ መጨረሻ ላይ «ልክ አይደለም» እንዲል ነበር የጻፍኩት። «ልክ አይደለም» ግን መስመሩ መጀመሪያ ላይ ሄዶ የፊተኛውን ይሸፍነዋል።

ሌላ ደግሞ አለ። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያሉት እናት ጭራሽ አልተሞከሩም። ስህተት የለ፣ ምን የለ፣ ዝም ብሎ አለፋቸው። እድር ውስጥ ሰው ሲዘለል ምን እንደሚመጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

---

ጥቁር_ስክሪን

11ኛው ሲአር የሚባል የማይታይ ምልክት ነው። በኮምፒውተሩ የምልክት ሠንጠረዥ ቁጥሩ 13። ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያስቀምጣል፦ 13 እና 10። ሊኑክስ የሚያውቀው 10ን ብቻ ነው። ስለዚህ 10ን ቆርጦ ይጥልና 13ን የስልክ ቁጥሩ አካል አድርጎ ይሰጥሃል።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ፋይሉን በ«ካት» ትእዛዝ ከትልቁ ኤ አማራጭ ጋር ክፈተው። በየመስመሩ ጫፍ «^ኤም» ታያለህ። አማርኛው ብጥስጥሱ ወጥቶ ይታይሃል፣ እሱን ተወው፤ ጫፉን ብቻ እይ።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። «ቲአር» በሚባለው ትእዛዝ 13ን በሙሉ አጥፋው። አለቀ።

(ትእዛዞቹን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፋቸው፤ እዚህ እንደሚጠሩት ነው ያስቀመጥኳቸው።)

---

ባጃጅ_ኮደር (አዳማ)

ተባረክ! ሁሉም ቁጥር አለፈ። የመጨረሻዋ እናት ግን አሁንም የሉም። ከዝርዝሩ አናት ያሉት ሰውዬ ደግሞ ስማቸውን ስፈልግ አይገኙም። በዓይን ሳየው ስማቸው አለ።

---

ተርሚናሉ

ሁለቱም የተለያየ ጉዳይ ነው።

የመጨረሻዋ እናት፦ በዩኒክስ ልማድ መስመር ማለት በ10 የተዘጋ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊያችሁ የመጨረሻውን ስም ጽፈው ኢንተር ሳይጫኑ አስቀምጠዋል። ዊንዶውስ ላይ ማንም አይቀየመውም። የባሽ «ሪድ» ግን 10ን ሳያገኝ ፋይሉ ሲያልቅበት «አልተሳካም» ብሎ ይመለሳል፣ ዙሩም እዚያው ይቆማል። ፋይሉ ጫፍ ላይ አንድ ኢንተር ጨምር። ወይም ስክሪፕቱን «ንባቡ ባይሳካም የተያዘ ጽሑፍ ካለ ሥራው» በለው። ሁለተኛው ይሻላል፤ ጸሐፊው በሚቀጥለው ወር ኢንተሩን ይረሱታል።

የመጀመሪያው ሰውዬ፦ የቆየ ኖትፓድ ፋይልን በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በቁጥር የማስቀመጫ አንድ ስልት) ሲያስቀምጥ መግቢያው ላይ 3 ባይት (እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 የሆነ ቁጥር) ይለጥፋል፣ 239፣ 187፣ 191። ቦም ይሉታል። አይታይም። ከሰውዬው ስም ፊት ተለጥፎ ስለተቀመጠ ስማቸው ሌላ ስም ሆኗል። ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ ያለው የዊንዶውስ 10 ኖትፓድ ይህን በራሱ መለጠፍ ትቷል። የጸሐፊያችሁ ማሽን ከዚያ በፊት የተጫነ ይመስለኛል።

---

ሊኑክስ_ብቻ

ዊንዶውስን አስጥሏቸውና ተገላገል። አንድ ከሰዓት ይበቃል፣ እኔ መጥቼ ኡቡንቱ እጭንላቸዋለሁ።

---

ባጃጅ_ኮደር (አዳማ)

ወንድሜ፣ ሰውየው ጡረተኛ ናቸው፣ የሚሠሩት በነፃ ነው። ኮምፒውተራቸውን ቀይሩ ካልኳቸው መዝገቡን አስረክበውኝ ነው የሚሄዱት። ከዚያ ጸሐፊው እኔ ነኝ ማለት ነው። ይቅርብኝ።

---

የድሮ_ጸሐፊ

ልጆች፣ ስለ ሊኑክሱ አላውቅም። «ልክ አይደለም» የሚለው ጽሑፍ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመልሶ ሌላውን ሸፈነ ያልከው ግን ደንቆኛል። እኔ በኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፕ ብዙ ዓመት ጽፌያለሁ። በታይፕ መስመር ሲያልቅ በግራ በኩል ያለውን እጀታ ትገፋለህ። ያኔ ሁለት ነገር ይሆናል። ወረቀቱ አንድ መስመር ከፍ ይላል፤ ወረቀቱን የተሸከመው ተንሸራታችም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

ርዕስ ማድመቅ ስንፈልግ ወረቀቱን ሳናነሳ ተንሸራታቹን ብቻ መልሰን በዚያው ላይ ደግመን እንመታ ነበር። የአንተም ኮምፒውተር ያንን ያደረገ መሰለኝ። ተመልሷል፣ ወረቀቱ ግን አልተነሳም።

---

ተርሚናሉ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገሩ ቁርጥ እንዳሉት ነው። 13 «ተመለስ» ማለት ነው፣ 10 «ወረቀቱን አንሳ»። የትእዛዝ መስኮቱ (ተርሚናል የሚባለው) 13ን ሲያገኝ እስከ ዛሬም ተመልሶ ላዩ ላይ ይጽፋል፤ ልዩነቱ በታይፕ ሁለቱም ፊደል ወረቀቱ ላይ ሲቀር እዚህ የፊተኛው መጥፋቱ ብቻ ነው።

እርስዎ በአንድ እጀታ የሚሠሩትን ሥራ ሁለት ትእዛዝ ያደረጉት ቴሌታይፖቹ፣ በሽቦ የሚላክላቸውን የሚያትሙት ታይፖች፣ ናቸው። አስኪ የሚባለው የምልክት ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲወጣ ሁለቱም ገብተዋል፣ አንዱ በ13፣ ሌላው በ10። ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሴኮንድ 10 ምልክት ያትም ነበር። ተንሸራታቹ ከቀኝ ጫፍ ወደ ግራ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። «ተመለስ» የሚለው ቀድሞ፣ «አንሳ» የሚለው ተከትሎ ሲላክ የሁለተኛው ምልክት ጊዜ ለመመለሻው ይጠቅማል። ቀጥለህ ፊደል ከላክህ ተንሸራታቹ መንገድ ላይ እያለ ያትመዋል።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የራሱን መረጠ። መልቲክስ፣ በኋላም ዩኒክስ «ፋይል ውስጥ አንድ ይበቃል፣ ማተሚያውን የሚያውቅ ፕሮግራም ሌላውን ይጨምርለት» ብለው 10ን ያዙ። ሲፒኤም ሁለቱንም ያዘ። ኤምኤስ-ዶስ እ.ኤ.አ. በ1981 ከሱ ወረሰ፣ ዊንዶውስ ከዶስ ወረሰ። አፕል ደግሞ በድሮው ማክ 13ን ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2001 ማክ ኦኤስ ኤክስ ሲመጣ ወደ ዩኒክስ ወገን ገባና 10ን ተቀበለ።

ሊኑክስ_ብቻ፣ አንተ ደግሞ ዊንዶውስን ለብቻው አትክሰሰው። ኢሜይል ሲላክ መስመሩ የሚዘጋው በ13 እና 10 ነው። ድረ ገጽ የሚጠየቅበት የኤችቲቲፒ 1.1 ራስጌም እንዲሁ። የአንተ ኡቡንቱ በየቀኑ ሲልካቸው ይውላል።

---

ሊኑክስ_ብቻ

እሺ እሱን ተረታሁ። ግን ኖትፓድ የሊኑክስን ፋይል ሲከፍት ሁሉንም በአንድ ረጅም መስመር ሲደረድረው የነበረው ስንት ዘመን ነው? እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ! ያንን ማን ይክፈለኝ?

---

ሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ)

ይቅርታ ክሩ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ጥቁር_ስክሪን የሰጠውን መፍትሔ እኔም ሠራሁበት፣ ፋይሌ ግን ጉድ ሆነ።

አንድ የግል ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ውስጥ ነው የምሠራው። የተማሪ ስም ዝርዝር ኤክሴል ላይ አለ። ተራውን ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ ጽሑፍ) ብዬ ሳስቀምጠው አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ስለሚሆንብኝ ሁሌ «ዩኒኮድ ቴክስት» ብዬ ነው የማስቀምጠው። ያንን ወደ ሊኑክስ ሰርቨሩ አስገባሁ፣ 13ን በቲአር አጠፋሁ።

አሁን ፋይሉን ስከፍተው ጥቂት ፊደል አማርኛ ነው፣ ከዚያ ቻይንኛ ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና አማርኛ፣ ከዚያ ቻይንኛ። አንዳንዱ ስም መሐሉ ላይ ነው የሚቀየረው። በጭራሽ ሥርዓት የለውም።

---

ፎንት_ሰብሳቢ

የፎንት ጉዳይ ነው። ኒያላን ወይም አቢሲኒካን ጫኚ።

---

ጥቁር_ስክሪን

ፎንት ከሌለ ባዶ ሣጥን ነው የምታየው፣ ቻይንኛ አይመጣም። ግን እኔም አልገባኝም። ትእዛዙ ለሁሉም ይሠራል። ቫይረስ ይሆን?

---

ተርሚናሉ

ቫይረስ አይደለም። ሥርዓትም አለው። ሐይቅ_ዳር፣ አንድ ነገር እይልኝ፦ ወደ ቻይንኛ የሚቀየረው ል ወይም ግ ካለበት ቦታ ላይ አይደለም?

---

ሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ)

ኧረ በስመ አብ! አዎ። ወይ ል፣ ወይ ግ፣ ወይ መስመር ሲያልቅ። እንዴት አወቅህ?

---

ተርሚናሉ

ይህ ለግዕዝ ፊደል ተጠቃሚ በደንብ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ስለሆነ ልዘርዝረው። የእንግሊዝኛ ማስተማሪያዎች «13ን አጥፋ» ብለው ያልፋሉ፤ እነሱን ብዙም አያገኛቸውም።

የኤክሴል «ዩኒኮድ ቴክስት» ዩቲኤፍ-16 ነው። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ይይዛል። የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ የተደረደሩት ከ4608 ጀምሮ ነው፤ ሀ 4608 ነው፣ ሁ 4609፣ እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩን በ256 ስታካፍሉት ድርሻው አንዱ ባይት፣ ቀሪው ሌላው ባይት ይሆናል። ዊንዶውስ ቀሪውን ያስቀድማል።

ል 4621 ናት። በ256 ሲካፈል 18 ደርሶ 13 ይቀራል። ስለዚህ ል ፋይሉ ውስጥ «13፣ 18» ሆና ነው የምትቀመጠው። ግ 4877 ናት፤ «13፣ 19»። ቲአር ደግሞ ፊደል አያውቅም። ባይት ነው የሚያየው። 13 ባገኘ ቁጥር ይውጣል። የመስመሩን ማብቂያ ብቻ መስሏችሁ የል እና የግን ግማሽ አካል ቆርጦ ወሰደው።

አንድ ባይት ሲጎድል ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥንዱ ይዛነፋል። የአንዱ ፊደል ሁለተኛ ባይት ከሚቀጥለው ፊደል የመጀመሪያ ባይት ጋር ይጋባል። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ የቻይና ወይም የኮሪያ ፊደል ይሆናል። ሌላ 13 ሲጠፋ ደግሞ የጎደለው ሁለት ባይት ስለሚሆን ጥንዱ ይስተካከላል፣ አማርኛው ይመለሳል። እስከሚቀጥለው ል ድረስ።

የማያምን ይሞክር። ባዶ ፋይል ላይ «ልዑል» ብላችሁ ብቻ ጻፉና በዩቲኤፍ-16 አስቀምጡ። 13ን በቲአር አጥፉ። አንድ የኮሪያ ፊደልና «ሒ» ነው የሚቀራችሁ።

---

ጥቁር_ስክሪን

ሞከርኩት። አንድ የኮሪያ ፊደልና ሒ። ስንት ጊዜ ለሰው የሰጠሁት ምክር ነው! ታዲያ የባጃጅ_ኮደር ፋይል ለምን ተረፈ? እዚያስ ል የለም?

---

ተርሚናሉ

የሱ ዩቲኤፍ-8 ነበር፤ ቦሙ ላይ አይተነዋል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ሦስቱም ከ127 በላይ ናቸው። ል ለምሳሌ 225፣ 136፣ 141 ናት። 13 ወይም 10 በፊደል ውስጥ ሊደበቅ አይችልም። ስለዚህ ምክርህ ለዩቲኤፍ-8 ልክ ነው፣ ለዩቲኤፍ-16 ግን መርዝ ነው።

10ን የሚነካካ ሰው ደግሞ ሊ እና ጊን ይጠንቀቅ። እነሱ 4618 እና 4874 ናቸው። ቀሪያቸው 10 ነው። ዩቲኤፍ-16 ፋይልን በባይት ደረጃ መስመር እየቆራረጠ የሚያነብ ፕሮግራም ሊ ባገኘ ቁጥር «መስመር አለቀ» ይላል።

ሐይቅ_ዳር፣ የተበላሸውን ለመጠገን አትድከሚ። ኦሪጅናሉ ኤክሴል ላይ አለ አይደል? አዲስ ኤክሴል ካለሽ፣ ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ ያለው ማለቴ ነው፣ ማስቀመጫ ዓይነቶቹ ውስጥ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚል አለ። እሱን ምረጪ። ከሌለሽ ዩኒኮድ ቴክስቱን ወደ ሊኑክስ አምጪና በመጀመሪያ «አይኮንቭ» በሚባለው ትእዛዝ ከዩቲኤፍ-16 ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሪው። 13ን የምታጠፊው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን እንዳታገላብጪው። የፋይሉን ዓይነት ለማወቅ «ፋይል» የሚባለው ትእዛዝ ይነግርሻል፤ ኢንኮዲንጉንም (ዩቲኤፍ-8 ወይም ዩቲኤፍ-16 መሆኑን) የመስመር ማብቂያውንም በአንድ መስመር ይጽፍልሻል።

---

ቁቤ_ጸሐፊ (አዳማ)

እኔም ጥያቄ አለኝ። የኛ ዝርዝር በአፋን ኦሮሞ ነው፣ በቁቤ። ል የለ ግ የለ። እኛን አይነካንም ማለት ነው?

---

ተርሚናሉ

ዩቲኤፍ-16 ከሆነ ይነካችኋል። ስሞቹ ውስጥ 13 የለም፣ የመስመሩ ማብቂያ ላይ ግን አለ። የመጀመሪያው መስመር ደህና ይሆናል፣ ሁለተኛው ቻይንኛ፣ ሦስተኛው ደህና፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የናንተ ቢያንስ ሥርዓቱ ቶሎ ይታያል።

---

ሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ)

ሠራ! በአይኮንቭ ቀይሬ፣ ከዚያ 13ን አጥፍቼ፣ ሁሉም ስም ገባ። ልዑሎቹም ግርማዎቹም በሰላም ደርሰዋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አድራሻ የተጻፈበት ሴል ላይ አንዳንድ ሰው በሁለት መስመር ጽፏል። እነሱ ሰርቨሩ ላይ ሁለት ተማሪ ሆነው ገቡ።

---

ተርሚናሉ

ኤክሴል ውስጥ በአልት እና ኢንተር የተሠራ የሴል ውስጥ መስመር 10 ብቻ ነው። ረድፉ የሚያልቀው ግን በ13 እና 10 ነው። 13ን ስታጠፊ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። እንዲህ ያለ ፋይል በመስመር እየቆረጡ አይነበብም። ባለ ሁለት መስመሩ ሴል በትእምርተ ጥቅስ ታቅፎ ስለሚቀመጥ ጥቅሱን የሚያከብር አንባቢ ያስፈልግሻል። የፓይተን ሲኤስቪ ሞጁል ይሠራዋል። ፋይሉን ስትከፍቺ «ኒውላይን» የሚለውን ባዶ አድርገሽ ስጪው፣ ኢንኮዲንጉን ደግሞ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» በይው። ቦሙንም በዚያው ይገላግልሻል።

---

ቁቤ_ጸሐፊ (አዳማ)

ኒውላይን ባዶ ካልተደረገስ? እኔ ዊንዶውስ ላይ በፓይተን የምጽፈው ሲኤስቪ ኤክሴል ላይ ስከፍተው በየረድፉ መሐል ባዶ ረድፍ ይገባበታል።

---

ተርሚናሉ

እሱው ነው። ሞጁሉ 13 እና 10 ይጽፋል። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን 10ን ባየ ቁጥር ፊቱ ሌላ 13 ይጨምርበታል። 13፣ 13፣ 10 ይሆናል። ባዶ አድርገው፣ ይጠፋል።

---

ባጃጅ_ኮደር (አዳማ)

ጓዶች፣ ሰው ጎርፎ መጣብኝ እንጂ ጥያቄው የኔ ነበር 😄

ትናንት የመጀመሪያው መልእክት ሄደ። ወጪው ግን እጥፍ መጣ። መልእክቱን ሲጽፉት 70 ፊደል እንዳያልፍ ብለን በጣት ቆጥረን ነበር። ሞደሙ ሁለት መልእክት አድርጎ ነው የላከው።

---

ጥቁር_ስክሪን

የመልእክቱ ፋይል ራሱ ከዊንዶውስ አይደለም የመጣው? በየመስመሩ ያለው 13ም 10ም እንደ አንድ አንድ ፊደል ይቆጠራል። የግዕዝ ኤስኤምኤስ ጣሪያው 70 ነው። 71ኛው ላይ ስትደርስ ሁለት ሆነ ማለት ነው። የዝርዝሩን ፋይል አጽድተህ የመልእክቱን ረስተኸዋል።

በነገራችን ላይ በቁቤ ስትልክ 160 ነው ጣሪያው። ለአዳማ እድር በሁለቱም ቋንቋ መላክህ አይቀርም፣ ሒሳቡን ለየብቻ ያዘው።

---

ባጃጅ_ኮደር (አዳማ)

እውነትህን ነው። መልእክቱ አራት መስመር ነበር፣ ኢንተሮቹን ማንም አልቆጠራቸውም። አሁን በአንድ መስመር አድርጌዋለሁ።

ጸሐፊው ደግሞ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ለይቼ እንድልክላቸው ይፈልጋሉ። ከኡቡንቱ የላክሁላቸውን ከፍተው «ሁሉም ሰው አንድ መስመር ላይ ተሰልፏል» አሉኝ። የሳቸው ዊንዶውስ 7 ነው ለካ።

---

ሊኑክስ_ብቻ

አላልኩም?

---

ተርሚናሉ

ከመላክህ በፊት «ዩኒክስ-ቱ-ዶስ» በሚባለው አሳልፈው፣ 13ን ይመልስላቸዋል። ኤክሴል ላይ ነው የሚከፍቱት ካሉህ ደግሞ ቦሙንም ጨምርበት። እኛ ጠልተን የምንጥለው ቦም ለኤክሴል «ይህ ዩቲኤፍ-8 ነው» የሚልለት እሱ ነው። ያለሱ ሲኤስቪውን ሁለቴ ጠቅ አድርገው ሲከፍቱት አማርኛው ተበጣጥሶ ይወጣል። ስክሪፕትህ ሲያነብ ሁሉንም ያጽዳ፣ ወደ ጸሐፊው ሲጽፍ ሁሉንም ይመልስ። ሰውየው ምንም አይቀይሩ።

---

የድሮ_ጸሐፊ

ልጄ፣ ለጸሐፊው አንድ ነገር ንገርልኝ። እኔ የኛን ማኅበር ዝርዝር እንደዚሁ ኤክሴል ላይ ስከፍተው የስልኩ ፊት ላይ ያለው 0 በሙሉ ጠፍቶ ነበር። ሳላየው አስቀመጥኩት፤ ሁሉም በ9 ጀመረ። ይህስ የመስመር ነው?

---

ተርሚናሉ

የመስመር አይደለም እትዬ። ኤክሴል ስልኩን እንደ ሒሳብ ቁጥር ስለሚቆጥረው ነው ከፊት ያለውን 0 የሚጥለው። ፋይሉን በቀጥታ ከመክፈት «ዳታ» ከሚለው ዝርዝር አስገብተው ዓምዱን «ቴክስት» ማለት ያስፈልጋል። ለሱ አዲስ ክር ይክፈቱለት፣ ብዙ ሰው የሚፈልገው ነው። እኔም እዚያ እመጣለሁ።